ጥላሁን ገሠሠ

የዛሬው ንባባችን ስለ ድምፃዊው ስለ ጥላሁን ገሠሠ ነው።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ወሊሶ ነው። በልጅነቱ አገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ቀጥሎ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘፈነ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይዘፍን ነበር።

በኋላ የስኳር በሽታ ያዘው። በዚሁ ሳቢያ አንድ እግሩ ተቆረጠ። ታዲያ መድረኩን ተወው? የለም! በተሽከርካሪ ወንበር ወጣ፤ ተቀምጦ ዘፈነ። እግሩ ቢጎድል ድምፁ አልጎደለም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ዐረፈ። አገር አለቀሰለት።

እናንተስ? ዓይኔ ደከመ፣ ዕድሜዬ ገፋ ብላችሁ ደብተሩን እንዳትተዉ! በሉ፣ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ፦ ጥ - ላ - ሁ - ን። ደኅና ሁኑ።