የእትዬ መዝገብ

አበው ሲተርቱ «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይላሉ። ተረቱ ስለ እንግዳው ብዙ ይናገራል። ስለ አሳዳሪው ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ያውም በሰው አገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ ሁለት ትርፍ ቀናት ስላገኘሁ፣ ሮማውያን በፍል ውኃዋ መታጠቢያ ወደ ሠሩባት ወደ ባዝ ከተማ ጎራ አልኩ። ያረፍኩባት ሆቴል ዘጠኝ ክፍል ብቻ ያላት፣ ማር በመሰለ የአገሩ ድንጋይ የተሠራች አሮጌ ቤት ነበረች። ደረጃዋ ሲረግጡት ይንቋቋል፤ ወለሏም ወደ አንድ በኩል ዘመም ብሏል። ባለቤቱ ሽማግሌ ግን ጉድለቷን ሁሉ እንደ ማዕረግ ነበር የሚቆጥሩላት። ማታ ላይ በቆዳ የተለበደ ትልቅ መዝገብ አውጥተው፣ አያታቸው ከጀመሩበት ዘመን አንሥቶ እዚያ ያደረውን እንግዳ ስም እየገለጡ አሳዩኝ። «እርስዎም ይጻፉ፤ ነገ ታሪክ ነው» አሉና ብዕር ሰጡኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ደግሞ ፊታቸው በራ፤ «እንግዲያው ፌርፊልድን ሳያዩ እንዳይሄዱ!»

በማግስቱ ሄድኩ። ፌርፊልድ ሀውስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደቱን ዘመን ያሳለፉበት ቤት ነው። በ1928 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ ባዝ ሲመጡ መጀመሪያ በሆቴል አረፉ፤ ኋላ ይህን ቤት ገዝተው እስከ 1932 ዓ.ም. ኖሩበት። በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለከተማይቱ አረጋውያን መገልገያ ይሆን ዘንድ ሰጡት። ቤቱ ዛሬም ቆሞ የንጉሡን ስም ያስጠራል።

ከዚያ ስመለስ አንድ ሐሳብ ያዘኝና አልለቅ አለኝ። ያ የባዝ እንግዳ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ወደ ሱዳን በረረ። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ምድር ረገጠ። በረሃውን አቋርጦ በላያ ተራራ ላይ ሰፈረ። ዊንጌት የሚመራው አነስተኛ ጦርና የጎጃም አርበኞች ቡሬን ሲያስጨንቋት፣ ኢጣሊያኖቹ የካቲት 25 ቀን ለቀዋት ወደ ደምበጫና ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። ንጉሠ ነገሥቱም ቡሬ ገቡ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። አንድ እንግዳ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። በባዝ ያደረበትን ቤት አንድ የሆቴል ባለቤት እንኳ አውቆ ይጠቁመኛል። ከበላያ እስከ አባይ ድረስ ያንን ሁሉ ሠራዊት ያበላው፣ ያጠጣው፣ ቁስለኛውን በመደቡ ላይ ያስተኛው የጎጃም ገበሬ ቤት ግን የትኛው ነው? ባለቤቲቱስ ማን ትባላለች?

ይህን ጥያቄ በሌላው ላይ ከማንሣቴ በፊት ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። እኔም በዚያው መንገድ ላይ ሳልከፍል የቀረሁት የመኝታ ዕዳ አለብኝና።

በ1974 ዓ.ም. የመጀመሪያ የመምህርነት ምደባዬ ቡሬ ደረሰኝ። የአባይን በረሃ ወርደን፣ ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስ አድረን፣ በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አውቶቡሱ ተበላሸ። ፍኖተ ሰላም ድሮ ውጀት ትባል የነበረች ናት፤ የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ጃንሆይ እንደሆኑ የከተማው ሰው ይናገራል። ትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ለእኔ ግን ያን ዕለት የትኩሳት መንገድ ሆነችብኝ። በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ስምንት ክፍሎቹ አንድ ትልቅ ዋንዛ ያለበትን ግቢ የከበቡ ሆቴል ቤት ውስጥ አልጋ ያዝኩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት በደህና አደርኩ። በሁለተኛው ቀን ወባው ጣለኝ።

ባለቤቲቱን እንግዳው ሁሉ «እትዬ» ነበር የሚላቸው። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ድሬሰር አስጠርተው መድኃኒት አሰጡኝ፤ አጥሚት በእጃቸው አጠጡኝ፤ ሌሊት ኩራዝ ይዘው እየመጡ ግንባሬን ዳሰሱ። በስድስተኛው ቀን ተነሥቼ ሒሳብ ስጠይቅ የአንድ ሌሊት ብቻ ተቀበሉኝ። ብከራከር፣ ብለምን እምቢ አሉ።

«የጤነኛው ሌሊት ይከፈላል፤ የበሽተኛው ሌሊት የእግዜር ነው። ይልቅ አንተ ልጅ፣ ስትመለስ ጎራ ብለህ ደህና መሆንህን አሳየኝ» አሉኝ።

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ነው። ዳሩ ግን ሰው ዕዳውን ለነገ ማለት ይወዳል። እኔም ነገ ስል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርኩ፤ ነገም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆነ።

ውድ አንባቢ፣ የእትዬ ንግግር ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከሆቴል በፊት የነበረውን ዘመን ማየት ያስፈልጋል። በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነው። እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ የሚገኘውን ማንኩሳን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ የበዛብህ የትውልድ አገር ነው። የበዛብህ ዓይነቱ የቆሎ ተማሪ በየደብሩ ዞሮ ቅኔና ዜማ ሊማር የቻለው፣ የማያውቀው ሰው ደጅ ሲመሽ ስለተከፈተለት ነው። የጎጃም የቅኔ ቤት ታሪክ በአንድ በኩል የአሳዳሪዎች ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን ሁሉ ግን ማር አድርጌ ላቀርበው አልሻም። የእግዜር እንግዳ እንዳለ ሁሉ የንጉሥም እንግዳ ነበር። የቤተ መንግሥት ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ በደረሰበት አገር ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ ከገበሬው ጎተራና በረት ይወጣል። ጦር ሲያልፍማ አሳዳሪው በገዛ ቤቱ ባይተዋር ይሆናል። ገበሬው እንግዳ ሲያይ ደስ የሚለውም፣ የሚፈራውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ አሳዳሪ ውስጥ ስማቸው በጽሑፍ ከቀረልን ጥቂቶች አንዱ ቤተሰብ የምዕራብ ጎጃም ነው፤ የመዘገበውም ባዕድ ነው። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ሰከላ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ የምንጩ አገልጋይ የነበሩት ክፍለ ዓባይ ቤታቸውን ለቀቁለት። የቤቱን ወጪና መስተንግዶ እንድትመራ የተመረጠችው ኢረፖኒ ብሎ የጻፋት ወጣት ልጃቸው ነበረች፤ ወርቁን የሰጣትም ለእርሷ ነው። ብሩስ ምንጩን ቀድሞ ያየ አውሮፓዊ እኔ ነኝ እያለ ሲመጻደቅ ኖሯል። ሐሰት ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር። ነገር ግን የልጅቱን ስም ጽፎ በማቆየቱ አመሰግነዋለሁ። በዚያ ዘመን ግሽ ዓባይ ላይ ቤት ስታስተዳድር የነበረች አንዲት ወጣት ሴት እስከ ዛሬ ከነስሟ የኖረችልን እርሱ ስለጻፋት ነው።

አልጋ በገንዘብ የሚለው ነገር በኋላ የመጣ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲያቆሙ፣ በልቶ መክፈል ለመኳንንቱ ነውር ሆኖ ተቸግረው እንደነበር ይወራል። ያ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ በነበረ ጊዜ የከተማው ሰው የሐዘን ያህል ነበር ያዘነው፤ ስሟ የታወቀ አሳዳሪ ስላለችው ነው። በክፍለ ሀገር ግን ሆቴል የመጣው በመኪና መንገድ ነው። ሲራራ ነጋዴ ከነአህያውና ከነበቅሎው ሜዳ ላይ ይሰፍር ነበር። ሹፌር ግን ሜዳ አያድርም፤ ትኩስ ወጥና አልጋ ይፈልጋል። ከነጻነት በኋላ የጭነት መኪናውና አውቶቡሱ ሲበዛ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልባት በቡሬ አልጋ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ።

ባለቤቶቻቸው አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ባሏ የሞተባት፣ ትዳሯ የፈረሰባት፣ በጠላና በአረቄ ጀምራ ሁለት አልጋ የዘረጋች፣ ሁለቱን አራት ያደረገች ሴት። አገሩ በእጃቸው በልቶ፣ በአንሶላቸው ተኝቶ፣ ዞር ሲል ስማቸውን ያጠፋ ነበር። «ሆቴል ቤት ያላት» ማለት ምስጋና አልነበረም። እኔም ወጣት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ቡሬ ላይ እንዲህ እያልኩ ስቄያለሁ። ዕዳዬን ለመክፈል ያዘገየኝ ስንፍና ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ስደርስ ቤቱን ያገኘሁት በዋንዛው ነው። ከስምንቱ ክፍሎች አምስቱ ፈርሰዋል፤ በቦታው ፎቅ ሊሠራ መሠረቱ ተቆፍሯል። እትዬ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። የእህታቸው ልጅ ተቀብላ ቡና አፈላችልኝ። ሙሉ ስማቸውን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኩ፤ ነገረችኝም። ሆኖም በመጽሔት እንዳይወጣ ስለለመነችኝ እኔም እንደ እንግዶቻቸው ሁሉ እትዬ ብያቸው እቀጥላለሁ። ከኋላ ዘመን ያስቀየማቸውን ወሬ ቤተሰቡ አልረሳውም።

ልነሣ ስል በሩ ሥር የተቀመጠ ማዳበሪያ ከረጢት ዓይኔ ገባ። አፉ ላይ አሮጌ ደብተር ይታያል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእንግዳ መዝገብ ነው ጋሼ። ድሮ ያስጽፏቸው ነበር። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ለመጠቅለያ ትወስደዋለች፤ የቀረው ይኸው ነው።»

ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። በደርግ ዘመን አልጋ ቤት ሁሉ ያደረውን ሰው መመዝገብ ነበረበት፤ ስም፣ ሥራ፣ የመጣበት፣ የሚሄድበት። ለቁጥጥር ተብሎ የተጀመረው መዝገብ ሳያስበው የአገር ታሪክ ይዞ ቆይቷል። በ1977 ዓ.ም. ገጾች «የመጣበት» በሚለው ሥር ወሎ እየተደጋገመ ይመጣል፤ ዘመድ ፍለጋ የወጡ ናቸው። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ «የሚሄድበት» በሚለው ሥር ፓዊ፣ ፓዊ፣ ፓዊ ይላል፤ የሰፈራውና የጣና በለስ ሥራ ጊዜ ነው። ሹፌር፣ ነርስ፣ መካኒክ፣ የግብርና ሠራተኛ። ከዚያ የወታደር ስም ይበዛል። የካቲት 1983 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ጎጃም ከደርግ እጅ በወጣበት ሰሞን፣ መዝገቡ ጸጥ ይላል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ስም የለም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ነጋዴ አደረ።

የ1974ቱም ደብተር አልተሸጠም ነበር። ስሜን በገዛ እጅ ጽሕፈቴ አገኘሁት፤ «መምህር፣ ከአዲስ አበባ፣ ወደ ቡሬ»። የአምስት ሌሊት መስመር አለው። በአራቱ ፊት የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነው። በየገጹ ግርጌ፣ አሳዳሪው በሚፈርምበት ላይ፣ ስም የለም፤ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እትዬ መጻፍ አያውቁም ነበር። ከሦስት መቶ በላይ ገጽ አገላብጬ ያችኑ አውራ ጣት በሁሉም ላይ አየሁ። አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ወፍሮ ተጨማልቋል፤ አንዳንዱ ላይ የሊጥ ቅሪት ያለ ይመስላል።

ደብተሮቹን ለቆሎ ነጋዴዋ ከሚከፈለው ጨምሬ ልግዛ ብላት የእህታቸው ልጅ ሳቀች። «ለእርስዎ አይሸጥም ጋሼ፤ ይውሰዱት» አለች። ያም ቤት ደግሞ ሌላ ዕዳ አስገባኝ።

ዛሬ አሥራ ሁለቱ ደብተሮች እኔ ዘንድ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ያንን መንገድ እንደ ልብ የሚኬድበት ስላላደረገው ተመልሼ አላየሁትም፤ ፎቁ ይጠናቀቅ አይጠናቀቅ አላውቅም። ነገር ግን በየከተማው እንዲህ ያለ ከረጢት በሩ ሥር የተቀመጠበት ቤት እንዳለ አልጠራጠርም። አንባቢ ሆይ፣ በልጅነትዎ ያደሩበት አልጋ ቤት ካለ፣ ፎቅ ሳይሆን በፊት ጎራ ይበሉ። መዝገቡን ይጠይቁ፤ ከመዝገቡ በፊት ግን የባለቤቲቱን ስም ይጠይቁ።

እኔ በባዝ ከተማ ስሜን በወርቃማ ብዕር ጽፌያለሁ። አሳዳሪዬን ግን የማውቃቸው በአውራ ጣታቸው ነው።