«የአባቶች ወገን ነኝ» ያለው ልጅ

በሐርጌሣ ከተማ በመስጊዶች መካከል አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከእንግሊዞች ዘመን የቀረች ስትሆን በፓዱዋው ቅዱስ አንጦንዮስ ስም ትጠራለች። በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በከተማው የሚኖሩ የውጭ አገር ክርስቲያኖች እንዲጸልዩባት ተከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስለ ተቆጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ተዘጋች። በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥትም ከእስልምና በቀር ሌላ ሃይማኖት ማስፋፋትን ይከለክላል።

አንዲት ትንሽ ቤት ይህን ያህል ቁጣ ስለምን ትቀሰቅሳለች? ይህን ለመረዳት ከሐርጌሣ ወደ በርበራ ወደብ መውረድ ያስፈልጋል። እስከ 1941 ድረስ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ርእሰ ከተማ በርበራ ነበረችና።

ከዓደን የተሻገሩ ፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት በ1891 በበርበራ ሚሲዮን ከፈቱ፤ ሥራቸውም በይበልጥ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ሰብስቦ ማሳደግና ማስተማር ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ከመካከላቸው አባ ኤቫንጀሊስት ዴ ላራጃስ የተባሉት ሶማልኛን አጥንተው በ1897 መዝገበ ቃላትና፣ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ የሰዋስው መጽሐፍ በለንደን አሳትመዋል። የተጠቀሙበት ፊደል የላቲን ነበር፤ ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ከመካ ተመልሰው በበርበራ ሲያስተምሩ በነበረበት ጊዜ ከሚሲዮኑ ልጆች አንዱን መንገድ ላይ አገኙ ይባላል። «ወገንህ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁት ልጁ «የአባቶች ወገን ነኝ» ሲል መለሰ። ታሪኩ በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ቢሆንም የሶማሌን ልማድ ለሚያውቅ ሰው መልሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው። በዚያ አገር ሕፃን አፉን እንደ ፈታ የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም መቁጠር ይማራል፤ በችግር ጊዜ የሚደርስለት፣ ደሙን የሚመልስለት ወገኑ ነው። ስለዚህ ሰይዱ የሰሙት የሃይማኖት ለውጥ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ከዘሩ መቈረጡንም ነው።

በ1899 የተጀመረው ጦርነት እስከ 1920 ዘለቀ። መንሥኤው ግን ሚሲዮኑ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የእንግሊዝ አገዛዝ ነበረ፤ የእኛው የምኒልክ ሠራዊት ወደ ኦጋዴን መዝለቁም ነበረ፤ ይህንንም ለተማሪዎቻችን መደበቅ አይገባንም። እንግሊዞች በ1910 ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲያፈገፍጉ ሚሲዮኑ ተዘጋ። ከዚያ በኋላም ለአገሬው ሕዝብ የሚሰብክ ሚሲዮን አልፈቀዱም።

ሚሲዮኑ ይዘጋ እንጂ ጥርጣሬው ቀረ፤ ያረፈውም በእኛ ሙያ፣ በመምህርነት ላይ ነው። በ1922 ለትምህርት ጭምር የታሰበ ግብር ሊጣል ሲል በቡርኦ ሁከት ተነሥቶ ካፒቴን ጊብ የተባለው እንግሊዛዊ ሹም ተገደለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሶማልኛን በላቲን ፊደል ለማስተማር ሲታሰብ እዚያው ቡርኦ እንደገና ታወከ። የዘመናዊ ትምህርት አባት የሚባሉት ማሕሙድ አሕመድ ዓሊ ራሳቸው እስላም ሆነው ሳለ ልጆችን ወደ ክርስትና ሊወስዱ ነው ተብለው ታሙ፤ ወላጆች ልባቸውን የከፈቱት ቁርአንና ዓረብኛ በትምህርቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። የፊደሉ ክርክር ግን ቀጠለ። ተቃዋሚዎቹ «ላቲን» የሚለውን ቃል «ላ ዲን»፣ ማለትም «ሃይማኖት የለሽ»፣ እያሉ ሲተርኩበት ቆይተው የላቲን ፊደል የሶማልኛ መጻፊያ የሆነው በ1972 ነው፤ አባ ላራጃስ መጻሕፍታቸውን ካሳተሙ ከ75 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚሁ አገር እምነታቸውን በሌላ መንገድ የኖሩ ክርስቲያን ነበሩ። ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ በ1943 በኢጣሊያ በፎርሊ ከተማ ተወለዱ። ሕግ ያጠኑ እንጂ መነኩሲት አልነበሩም። በ1969 ወደ ኬንያ መጥተው በመምህርነት ጀመሩ፤ ቀጥሎም በዋጂር በሳንባ ነቀርሳ የታመሙ የሶማሌ ዘላኖችን ሲያስታምሙ ብዙ ዓመት ኖሩ። ዘላን መድኃኒቱን ሳይጨርስ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። እርሳቸው በሽተኞቹ በአንድ ሰፈር ስድስት ወር ተቀምጠው መድኃኒቱን ሰው እያያቸው እንዲውጡ አደረጉ። ይህ ዘዴ በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት አማካይነት በብዙ አገር ተስፋፍቷል።

ከ1996 ጀምሮ ከሐርጌሣ በስተምዕራብ፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለችው በቦረማ ሠሩ። አልሰበኩም፤ ማንንም ጸበል አላስነኩም። በሽተኞቹ ተኝተው በሚታከሙበት ጊዜ ማንበብና ቁርአንም እንዲማሩ አደረጉ። የበርበራውን ልጅ ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከእርሳቸው እጅ የዳነ ሰው ወደ ወገኑ የሚመለሰው የወገኑን ስምና ሃይማኖት እንደ ያዘ ነው። ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ግን ስለ ክርስቶስ መሆኑን አልሸሸጉም። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በሆስፒታላቸው ግቢ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሼክ ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ ሪቻርድና ኢኒድ አይንግተን፣ በዚሁ ዓይነት በቤታቸው ተገደሉ።

አናሌና በቦረማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። እነዚያ ልጆች ቀድሞ የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ሲቆጠር የማይሰሙ፣ ቢጠየቁም መቁጠር የማይችሉ ነበሩ። በዚያ ትምህርት ቤት በእጃቸው ምልክት መነጋገርን ተማሩ።