ጋዙ አያልቅም፣ ያፈሳል

ከጓደኞቻችን አንዱ መኪናውን ይዞ ወደ አዋሽ በወረደ ቁጥር አንድ ነገር ይገጥመዋል። አዳማ ሲደርስ ኤሲው ይደክማል፤ መተሐራ ላይ ጭራሽ ሙቅ አየር ይተፋል። አዲስ አበባ ሲመለስ ጋራዥ ይገባል፣ “ጋዝ አልቋል” ይባላል፣ ይሞላለታል፣ ይከፍላል። በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው አብረነው ነበርንና “ቆይ፣ ይሄ ጋዝ ወዴት ሄዶ ነው የሚያልቀው?” ብለን ጠየቅን። ሞይው ሳቀና በጣቱ ወደ ሰማይ አመለከተ።

መቀለዱ ነበር። ግን እውነቱን ነው። የምናወጋችሁ ታሪክም ከዚያ ጣት ይጀምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቤንዚን ስለሚቃጠል ያልቃል። የኤሲ ጋዝ ግን በተዘጋ መንገድ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ በጠባቡ ቫልቭ አልፎ ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል፤ ዳሽቦርድ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር በኩል የመኪናውን ሙቀት ጠጥቶ፣ እንደገና ጋዝ ሆኖ ይመለሳል። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ጥቂት ሊተን ይችላል። በወር በሁለት ወር ከጎደለ ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ማፍሰስን እንደ ተራ ነገር ማየት ከየት መጣ? እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ነበር። እነዚህ ሲያፈስሱ ሰው ይገድሉ ነበርና ማንም አይዘናጋም። በ1928 የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ ቶማስ ሚጅሊ ከጓዶቹ ጋር መርዝ ያልሆነና እሳት የማይዝ ጋዝ ሠራ። በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ስብሰባ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ሳበና በትንፋሹ ሻማ አጠፋበት። ይህ ነው ፍሪዎን። (ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የጨመረልንም ይኸው ሰው ነው፤ እጁ አይባረክም ነበር መሰለን።) በ1939 ፓካርድ ኩባንያ ኤሲ የተገጠመለት መኪና ለገበያ አቀረበ።

ፍሪዎን ርካሽ ነበር፣ አይሸትም፣ አይገድልም። ስለዚህ መካኒኩ ኤሲ ሊፈታ ሲል ቫልቩን ከፍቶ ፍስስ ያደርገዋል፤ ካፈሰሰም ይሞላዋል። “ሙላው” የሚለው ልማድ የተወለደው ያኔ ነው።

በ1971 እንግሊዛዊው ጄምስ ላቭሎክ ራሱ በፈለሰፈው መሣሪያ በአትላንቲክ ላይ አየሩን ሲለካ ጋዙን ከከተሞች ርቆ በባሕር መካከል አገኘው። በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ፣ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ጻፉ። አምራቾቹ ተሟገቱ። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ሽፋኑ በጣም መሳሳቱን አሳወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ በ2009 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ የተቀበሉት ውል ሆነ። የበለጸጉት አገሮች ማምረቱን በ1996 ሲያቆሙ አሮጌው ጋዝ በማያሚ ወደብ የኮንትሮባንድ ዕቃ እስከመሆን ደረሰ!

በምትኩ አር-134ኤ መጣ። ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ምድርን በማሞቅ አንድ ኪሎው ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል። ግማሽ ኪሎ ጋዝ ከአንድ መኪና አፈሰሰ ማለት ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ተለቀቀ እንደማለት ነው። ለዚህም በ2016 ርዋንዳ፣ ኪጋሊ ላይ እሱንም ለመቀነስ ስምምነት ተደረሰ። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ከልክሎታል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ሌላ ጋራዥ ወሰድነው። ይኸኛው ሰው ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ጌጅ ገጠመ፤ ሁለቱም መርፌዎች ዝቅ ብለው ቆሙ። ኮፈኑን ከፍቶ በባትሪ የቅባት እርጥበት ፈለገ። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዞር ጋዝ የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቅባትና አቧራ ይይዛል። ናይትሮጅን ሞላና በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀባ። የኮንደንሰሩ ቱቦ ከሚያያዝበት ቦታ አረፋው ፈላ። እዚያ ባይገኝ ኖሮ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም ጨምሮ ሊፈልግ እንደሚችል ነገረን።

ጥፋተኛዋ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ የደረቀች ላስቲክ ነበረች። እሷን ለወጠ፣ እርጥበት የሚመጠውን ማጣሪያ ለወጠ፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ሳበ። ፓምፑን አጥፍቶ መርፌው እንዳልተንቀሳቀሰ ካየ በኋላ ጋዙን በሚዛን፣ ኮፈኑ ስር በተለጠፈው ልክ ሞላ። የጎደለውን ዘይትም አልረሳም። ዘይቱ ጎድሎ ቢከርም ኮምፕረሰሩ ራሱ ይነክስ ነበር፤ ያኔ የሦስቱ ሙሌት ገንዘብ ኢምንት በሆነ!

“እኛ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ገብተናል፣ አይመለከተንም” የምትሉም አትቸኩሉ። የእናንተም ኤሲ የሚዞረው በጋዝ ነው፤ በብዙዎቹ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም እሱው ነው።

ዓለም ቀዳዳውን ሳይፈልግ መሙላቱን እስኪያቆም ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ ግን ጋራዥ ስንገባ አንድ ጥያቄ ይበቃናል። “ስንት ነው የምትሞላው?” ሳይሆን “የት ነው የሚያፈሰው?” እንበል። መልስ የሌለው ሞይ ወደ ሰማይ ካመለከተ፣ ቁልፋችንን ተቀብለን መውጣት ነው።