ከግሸን የወረደው ታናሽ ልጅ

በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ምድር ለዐፄ ዳዊትና ለእግዚእ ክብራ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ዘርአ ያዕቆብ ተባለ። ከእርሱ በፊት የተወለዱ ወንድሞች ስለ ነበሩት ዙፋን ይደርሰዋል ያለ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በፈረንሳይ የንጉሥ ዣን ሦስተኛ ልጅ የቤሪ መስፍን ተብሎ፣ ግንብ እያሠራና በወርቅ ቀለም ያጌጠ የጸሎት መጽሐፍ እያስጻፈ ይኖር ነበር። በእኛ አገር ግን የንጉሥ ታናሽ ልጅ ርስቱ አምባ ግሸን ነበር፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ በመስቀል አምሳል የተዘረጋ። የወጣ፣ ለመንገሥ ካልተጠራ፣ አይወርድም ነበር። ወንድማማች በጦር ሜዳ ከሚተራረድ ይሻላል ብለው የሠሩት ሥርዓት ነው፤ መሻሉን እንጃ።

ዳዊት በ1405 ዓ.ም. ገደማ ካረፈ በኋላ በሃያ አንድ ዓመት ገደማ ስድስት ነገሥታት ተፈራረቁ፤ ሦስቱ ልጆቹ፣ ሦስቱ የልጅ ልጆቹ። የሚነግሥ ሲታጣ መኳንንቱ አምባውን አሰቡ። በዚያ ታስሮ የነበረው ዘርአ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. ወርዶ ነገሠ። በታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም. ጎሚት ላይ የአዳልን ሱልጣን በድላይን ድል ነሣ፤ በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ስለ ሰንበት የነበረው ክርክር ተፈታ።

ስለ ቤቱ ግን የሚነገረው መራራ ነው። ሴቶች ልጆቹን፣ እነ መድኅን ዘመዳንና ብርሃን ዘመዳን፣ በየአገሩ ሾመ። ቆይቶም ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታትን ያመልካሉ የሚል ነገር ደረሰውና የገዛ ልጆቹን፣ ሴትም ወንድም፣ አስገረፈ። ሕዝቡን ሰብስቦ ቁስላቸውን አሳየ፤ ያየውም ሁሉ አለቀሰ። ከልጆቹም የሞቱ አሉ። በአምባ ታጥሮ የኖረ ሰው ልጆቹን ለማመን እንደ ተቸገረ አያለሁ።

የልጁ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ልታነግሥ ታሤራለች ተብላ ተገረፈች፤ በዚያው ሞተች። ሞቷ ተሸሸገ። በእደ ማርያም ግን በደብረ ብርሃን ወደ መቅደሰ ማርያም ዕጣንና ጧፍ ይዞ ሄደ፣ ለእናቱ መታሰቢያ። ንጉሡ ሰምቶ ጠራው፤ አሳሰረው፣ አስገረፈው። በኋላ መነኮሳት ገብተው ማልደው አስታረቁ፤ ንጉሡም ወራሼ ነህ አለው።

ዘርአ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፈ። በእደ ማርያም ነግሦ የአባቱን ሚስት እሌኒን፣ የሐድያን ገዥ ልጅ፣ በእናቱ ፋንታ አከበራት፤ እርሷም ከእርሱ በኋላ የነገሡትን እያማከረች እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ቆየች።