ራጅ፣ ፈቃድና ምስጢር፦ ከታሪክ አንጻር

ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘበትና የዓድዋ ጦርነት የተካሄደበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር አንድ ነው፤ 1888 ዓ.ም.። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በዓድዋ የቆሰሉ የኢጣሊያ ወታደሮች ክንድ ናፖሊ ከተማ ውስጥ በራጅ ታይቶ ጥይቱ ያለበት ስፍራ ተለየ። ሐኪሙ የፈለገው ጥይቱን ነበር፤ የጨረሩ ጉዳት በቅጡ የታወቀው ቆይቶ ነው።

በሀገራችን የታካሚው መብት በግልጽ የሰፈረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። የጨረር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 571 በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 1025 ተተካ።

ከደባርቅ ወይም ከዳባት የመጣ ገበሬ ግን ለባለሙያ እምቢ አይልም፤ ዝምታው ፈቃድ ተደርጎ ይወሰዳል። ለደረት ራጅ የአንገት መስቀሉን ሳይጠይቁት ማውለቅ በእኔ እምነት ከባድ ድፍረት ነው፤ ምክንያቱ ሲነገረው ራሱ ያወልቀዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው የሴቷ ጉዳይ ነው። የሆድ ወይም የዳሌ ራጅ ከመነሣቷ በፊት ስለ እርግዝና በአማቷ ፊት ከተጠየቀች «የለም» ትላለች፤ ጨረሩም ፅንሱ ላይ ያርፋል። ምስጢር አለመጠበቅ እዚህ ላይ አካላዊ ጉዳት ይሆናል። አስታማሚዎች ከደጅ ቆይተው፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደነበረ ለብቻዋ ትጠየቅ።