የምኒልክ ባሕር ዛፍና የጉና ኩበት

ለመሆኑ መንግሥት ከግብሩ ላይ ቀንሶ የሕዝብን ምድጃ መለወጥ ይችላልን? መልሱን ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻንም፤ ከገዛ ታሪካችን ውስጥ አለ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተጨፈጨፈ አለቀ። ማገዶ ሲጠፋ ከተማ ለቅቆ መሄድ ለቀደሙት ነገሥታት እንግዳ አልነበረምና፣ ዐፄ ምኒልክም መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀመሩ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ይሁንና የተስፋፋው በጠባዩ ብቻ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ አደረጉ፤ ችግኙም በርካሽ ዋጋ እንዲከፋፈል አደረጉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ከዛፉ ይልቅ ስለ ግብሩ ነው። ምሕረቱ ፍሬ ያፈራው የመሬት ግብር ባለመሬቱን በቀጥታ ይነካው ስለነበር ነው። የግብር ቅናሽ ግብሩ ከሚደርስበት አልፎ አይሄድም፤ ለማይከፍል ሰው ምን ይቀነስለታል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ቤቱን በሙቀት ፓምፕ ለሚያሞቅና ለሚያቀዘቅዝ ሰው ከወጪው 30 ከመቶውን፣ እስከ 2,000 ዶላር ድረስ፣ ከገቢ ግብሩ ትቀንስለት ነበር። የገቢ ግብር የማይደርስበት ድሃ ግን ከዚህ ማዕድ አልተቋደሰም። የእኛም ገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የተጠቀመው መኪና መግዛት የቻለው ነው።

የወንዜ ልጆች የሚኖሩት ሌላ ኑሮ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ጉምራና ርብ የሚነሱበት ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ደጋ ምድጃ ማብሰያም ማሞቂያም ነው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል። ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የእንጀራን ማገዶ በግማሽ ያህል የሚቀንስ «ምርጥ» የተባለ ምድጃ ከተሠራ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን ምድጃው እዚያው አገር ቤት በሲሚንቶ የሚሠራ ስለሆነ፣ የጉምሩክ ቀረጥ ቢነሣ ለገዢው የሚተርፈው ነገር የለም።

ገበሬው ግን የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ገቢ ግብር ይከፍላል። በእኔ እምነት ቅናሹ ከዚህ ላይ ቢነሣ፣ ምርጥ ምድጃ ለተከለ ቤት ይደርሳል። መሬት ለሌለው ግን ቀጥተኛ ድጎማ ያስፈልገዋል። «የክልሉ ገቢ ይጎድላል» የሚል ቢኖር፣ ምኒልክም ገቢ እንደቀረባቸው ያስታውስ፤ በምትኩ ከተማ አተረፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ግብር ያነሡለት ነገር ይበዛል። ባሕር ዛፍም በዝቶ፣ ዛሬ ውኃ መጣጭ ነው እየተባለ ይወቀሳል። ስለዚህ ምሕረቱ ብዙ ዛፍ ለሚቆርጥ ሳይሆን ጥቂት ለሚያነድ ይሁን።