ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ ከብዕር ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (1870–1931 ዓ.ም.) ደራሲ፣ የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ የቤተ መንግሥት ጉዞዎች ዘጋቢ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በፋሺስት ጣሊያን ስትወረር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው። በዘመናቸው ጋዜጠኝነት ራሱን የቻለ እንጀራ ስላልነበረ በጋዜጠኛነት አይታወቁም። ዳሩ ግን ያዩትን ጽፈው፣ የጻፉትን አሳትመው ለሕዝብ ማዳረሳቸው ሲታሰብ፣ በኋላ ከጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ተነሥተው ሚኒስትርና አምባሳደር ለሆኑት ኢትዮጵያውያን መንገዱን የጠረጉት እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

መርሐ ቤቴ ከመንዝና ከጓሳ ደጋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ የጀማና የወንጪት ወንዞች በጥልቅ ሸለቆ ከጎረቤቶቹ የለዩት አገር ነው። ኅሩይ የተወለዱት እዚያው ሲሆን የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። ከመሳፍንት ወገን አልነበሩም፤ ይህም በዚያ ዘመን ሥልጣን ለሚመኝ ሰው ቀላል እንቅፋት አልነበረም። የቀሰሙት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር፤ ወደ እንጦጦ ከመጡ በኋላም በራጉኤል ደብር ትምህርታቸውን ቀጥለው በጸሐፊነት አገልግለዋል። ጉልት ወይም ጦር ሳይኖራቸው ወደ ላይ የወጡት በዚሁ የጽሕፈት ችሎታ ነው።

ያኔ ማተሚያ ማሽን ለአገሩ እንግዳ ነበር። «አእምሮ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያስ አማካይነት በአዲስ አበባ የወጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ የሚታተመውም በጥቂት ቅጂ ብቻ ነበር። የኅሩይ የመጀመሪያ ሥራም ድርሰት ሳይሆን ዝርዝር ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት መዝግበው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፋፍተው እንደገና አወጡት። የአገሩ መጻሕፍት በየደብሩ ዕቃ ቤት ተቆልፈው በነበረበት ጊዜ፣ ምን እንዳለን ቆጥሮ ለሕዝብ ማሳወቅ ራሱ ዜና ነበር። በ1915 ዓ.ም. የወጣው «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸውም የታወቁ ሰዎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ያሰፍራል። ዛሬ የሸዋን መኳንንትና ሊቃውንት ታሪክ የሚያጠና ሰው ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ አያልፍም።

ወደ መንግሥት ሥራ ያስገባቸው መንገድ የውጭ ጉዞ ነው። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ በደጃዝማች (በኋላ ራስ) ካሣ ኃይሉ ከሚመራው መልእክተኛ ቡድን ጋር ለንደን ሄዱ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኃላፊነት ተሰጣቸው። በ1911 ዓ.ም. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ድል ላደረጉት መንግሥታት የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት ይዘው ከደጃዝማች ናደው ጋር እስከ አሜሪካ ዘለቁ። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚያየው ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት ሠርተዋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን ጄኔቭ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱም እሳቸው ነበሩ። አባልነቷ የጸደቀው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ሲሆን ቀኑ የመስቀል በዓል ነበር።

ኅሩይ ከሄዱበት ሲመለሱ ብዕራቸው ሥራ አይፈታም። እቴጌ መነን ገና ልዕልት ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ምስር ያደረጉትን ጉዞ በመጽሐፍ አወጡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙም «ደስታና ክብር» በሚል ርእስ የመንገዱን ሁኔታ ጻፉ። እነዚህ መጻሕፍት ሙገሳ ይበዛባቸዋል፤ ማን ተቀበለ፣ ማን ጋበዘ፣ የት ታረፈ የሚለው ዝርዝርም ረጅም ነው። ቢሆንም አንባቢው ከቤቱ ሳይወጣ ባሕሩንና ባቡሩን አብሮ ያይ ነበር። የዘመኑ ዋና ጋዜጣ «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. ሲጀመር አዘጋጅ የነበሩት ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ኅሩይ በበኩላቸው «ጎሐ ጽባሕ» የሚባል የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቁመው «ዋዜማ»ን (1921 ዓ.ም.)፣ ስለ ጃፓን የጻፉትን መጽሐፍና «ሐዲስ ዓለም»ን (1925 ዓ.ም.) ከዚያ አወጡ። ጸሐፊ፣ አሳታሚና ባለሥልጣን በአንድ ሰው ተጠቃለሉ ማለት ነው። ይህ ለሥራው ፍጥነት ጠቅሟል፤ ለነጻነቱ ግን አልጠቀመም።

ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኅሩይ እጅ ሆነ። ከሁሉ የሚታወሰው ሥራቸው የጃፓን መልእክተኛነታቸው ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁት፣ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ ነበር። ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ፤ ፋብሪካዎችንና ትምህርት ቤቶችንም ጎበኙ። ሲመለሱ ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ሁለቱን አገሮች ያነጻጽራል፦ ሁለቱም ረጅም የነገሥታት ሐረግ አላቸው፣ ሁለቱም ለባዕድ በራቸውን ዘግተው ኖረዋል፤ ጃፓን ግን ቀድማ በትምህርትና በኢንዱስትሪ ገፋች። ቆየት ብሎም በቡድኑ ውስጥ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ጃፓናዊት ለማግባት ማሰባቸው በዓለም ጋዜጦች ብዙ አስወራ፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ።

ስለ ልብ ወለዶቻቸው ብዙ ተብሏል፤ እዚህ አንድ ነገር ማንሣት ይበቃል። «ሐዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የተባለው ወጣት ፈረንሳይ ተምሮ ወደ ሸዋ ሲመለስ፣ የሚያጋጥመው ጠላት ጦረኛ ሳይሆን ልማድ ነው፤ የሚጋጨውም ከራሱ ዘመዶች ጋር ነው። ሰው ሲሞት ለተዝካር የሚወጣው ወጪ፣ ድግሱ ላይ የሚፈሰው ጠላና ጠጅ፣ ጠጅ የሚያመጣው ጠብ ሁሉ በቅርብ ያየው ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። «የልብ አሳብ» በበኩሉ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይነቅፋል። ኅሩይ የጎረቤቱን፣ የካህኑንና የወላጁን ጥፋት ሲናገሩ አይፈሩም። ዙፋኑ ጋ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ይለሰልሳል። የዘመናቸው ጸሐፊ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በመንግሥት አስተዳደር ላይ የሰነዘሩትን ዓይነት ትችት ከኅሩይ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እሳቸው ለውጥ ከላይ፣ በንጉሡ እጅ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበርና።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በጣሊያን ጦር መካከል የወልወል ግጭት ሲነሣ፣ ለመንግሥታት ማኅበርና ለሮም የሚጻፈው ማመልከቻ ሁሉ በኅሩይ መሥሪያ ቤት በኩል አለፈ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ዲፕሎማሲው የከሸፈው በማመልከቻው ድክመት አልነበረም፤ ታላላቆቹ መንግሥታት ከኢትዮጵያ ይልቅ ሙሶሊኒን ላለማስከፋት ስለ መረጡ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ኅሩይም ተከትለው በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ ገቡ። እንደ እሳቸው ሁሉ ደራሲና ዲፕሎማት የነበሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ለወራሪው አደሩ። ሁለቱ በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ጎን ለጎን ይጠራሉ፤ በፖለቲካ ግን በዚያ ዓመት ለየቅል ሄዱ።

ስደቱ ከባድ ነበር። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ አገር ቤት በጣሊያኖች እጅ ተገደለ። ኅሩይም የነጻነትን ቀን ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በ60 ዓመታቸው በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ዐረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነበር። ከነጻነት በኋላ ዐፅማቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። በኦክስፎርድ የተማረው ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ ተርጉሞ አሳትሟል።